ለረቂቅ ሕግ የተላኩ ሽማግሌዎች

ለሰው አንድ ነገር አስረድታችሁ፣ ሰውየውም «ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ፣ የነገራችሁት ግማሹን ብቻ እንደነበር ድንገት የተገለጠላችሁ ጊዜ አለ? እኔን ገጥሞኛል። ያስረዳሁት ደግሞ ነጭ ሰሌዳ ላይ፣ በአረንጓዴ ማርከር፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬ ስለነበር «እንዲህ አላልኩም» የምልበት ቀዳዳ አልነበረኝም።

በሥራ ቀናት እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሞርስ ሮድ ላይ፣ ከጎማ ቤት አጠገብ ባለች የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ክፍል፣ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ወገኖችን በነፃ አስጠናለሁ። ክፍሉ የፕሮቴስታንቶች ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ከየሃይማኖቱ ናቸው። አብዛኞቹ ዲቪ ደርሷቸው የመጡ፣ ዌርሃውስ በሚባለው የዕቃ መጋዘን የሚሠሩ ወይም የሚያሽከረክሩ ሰዎች ናቸው። ከሺፍት ወጥተው በቀጥታ ስለሚመጡ አንዳንዶቹ አንጸባራቂውን የሥራ ሰደርያ ሳያወልቁ ነው የሚቀመጡት።

ማስረዳት እወዳለሁ። እናቴ «ይቺን ልጅ ውሃ ስጪኝ ስትሏት ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ ትነግራችኋለች» ትላለች። ማስታወሻዬ በቀለም የተከፋፈለ ነው፤ ማርከሮቼ በተራ ይደረደራሉ። ይህን የምናገረው ስሕተቱ ከመዝረክረክ እንዳልመጣ እንድታውቁልኝ ነው። ስሕተቴ ንጹሕና የተሰመረበት ነበር።

ነገሩን የጀመሩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው። ዜግነታቸውን ካገኙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ወደ ክፍሌ የሚመጡት ለመከራከር ነው። አንድ ቅዳሜ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ከዚህ ሁለት መብራት አልፎ አረንጓዴ መስቀል የለጠፈ ሱቅ ተከፍቷል። ፋርማሲ መስሎኝ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልጠይቅ ገባሁ።»

ክፍሉ ከመልሱ በፊት መሳቅ ጀመረ።

«ምን አሉዎት?»

«መታወቂያ አሳይ አሉኝ። ሃያ አንድ ዓመት መሙላቴን ሊያረጋግጡ! እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ነህ ያለኝ ሰው ስላገኘሁ ደስ ብሎኝ አሳየሁ። ከዚያ ሽታው ነገረኝ። ለመሆኑ ይሄ ዊድ የሚባለው የሚጨስ ቅጠል ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?»

ጥያቄ ሲመጣልኝ እጄ ወደ ማርከር ይሄዳል። ሰሌዳው ላይ «ኦሃዮ፦ 21 ዓመት ለሞላው ሰው፣ የተፈቀደ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ። የስቴቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ እንደወሰነው፣ ሕዝብ በቀጥታ ሕግ የሚያወጣበት መንገድ እንዳለ፣ ይህም ከፈተናው ጥያቄዎች ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አስረዳሁ። ጥሩ ትምህርት ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ በራሴ ደስ ብሎኝ ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ከፊት ረድፍ፣ ከማሞቂያው አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ግን መስመሩን እንዳለ ገልብጣው ነበር። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለምትበልጥ እትዬ እላታለሁ፤ «አንቱታውን ተዪው፣ አታስረጅኝ» ስላለችኝ ግን በአንቺ ነው የምንነጋገረው። እትዬ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እያነሣች ለዜግነት ለማመልከት ከሚያስፈልገው የአምስት ዓመት ኑሮ የሚጎድላት ጥቂት ወር ብቻ ነበር። ጉልበቷ ያብጣል። ደሴ ላይ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ እናት አሏት፤ ጎረቤት ነው ምግብ የሚያቀርብላቸው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እናቱን ማምጣት አይችልም፤ ዜጋ ግን ይችላል። ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ እትዬ የምታጠናው እንደ ሌላው ሰው ፓስፖርቱን አስባ አይደለም። የደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከጥያቄ ቁጥር አንድ በላይ የእናቷ ስም ተጽፏል።

አሥር ሳምንት አለፈ። አምስት ዓመቷ ሊሞላ ሲል ማመልከቻውን ልንሞላ ከክፍል በኋላ ቀረን። ፎርሙ ባለፉት አምስት ዓመታት የት የት እንደሠራች ይጠይቃል። የዌርሃውሱን ስም ጻፍኩ።

«እሱን ዝጊው» አለችኝ። «ወጣሁ እኮ። አሁን ተቀምጬ ነው የምሠራው።»

«እሰይ! ጉልበትሽም ያርፋል። የት ነው?»

የድርጅቱን ስም ነገረችኝ። አላውቀውም።

«ምን ያመርታሉ?»

በሩን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅጠሉን። እኔ ማሸጊያው ላይ ስቲከር ነው የምለጥፈው። አልነካውም እንኳን፤ ጓንት አለ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ላሉት መድኃኒት ማሸግ ነው ብያለሁ፤ እንዳታወሪብኝ።»

እጄ ፎርሙ ላይ እንዳለ ቀረ። «መቼ ጀመርሽ?»

«አንቺ ሰሌዳው ላይ ከጻፍሽ በኋላ ነዋ! የማውቃት ልጅ ሥራ አለ ስትለኝ ፈርቼ ነበር። ከዚያ አንቺ ተፈቅዷል አልሽ።» ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። የእኔው ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩም ሁለት መስመር። ማስመሪያ ተጠቅማ ነበር ያሰመረችው። «ደግሞ የኦሃዮ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካን በሙሉ አልፏል። ቪዲዮውን አላየሽም?»

ቪዲዮውን ከቴሌግራም አውጥታ አጫወተችልኝ። ከረባት ያሰረ ሰው በጥሩ አማርኛ «የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ካናቢስን ከወንጀልነት የሚያወጣውን ሕግ አሳለፈ» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የተወካዮች ምክር ቤት እንዲህ ያለ ረቂቅ በእርግጥ አሳልፎ ነበር። ረቂቁ ግን ሴኔት ዘንድ ሲደርስ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፣ የምክር ቤቱ ዘመን አለቀ፣ ረቂቁም አብሮ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንደገና ይቀርባል፣ እንደገና ኮሚቴ ውስጥ ይቀመጣል። አገር ቤት ሕግ የሚያወጣው አንደኛው ምክር ቤት ነው፤ «ምክር ቤቱ አሳለፈ» ተብሎ በዜና ከተነገረ ነገሩ አለቀ። እትዬም፣ ቪዲዮውን የላኩላትም ሰዎች፣ የሰሙት በዚያ ጆሮ ነው። እዚህ አገር ሁለተኛ ቤት እንዳለና ረቂቅ ሕግ እዚያ ደጅ ላይ ዓመታት ሊያድር እንደሚችል እኔ አስተምሬያቸው ነበር። በሌላ ቀን፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ ርዕስ ሥር። ሁለቱን አላገናኘሁላቸውም።

እዚያው ላይ ያልነገርኳትን ግማሽ ነገርኳት። አንድ አገር ውስጥ ሁለት ሕግ አለ። ኦሃዮ የፈቀደውን ቅጠል የፌዴራሉ መንግሥት አሁንም ከከለከላቸው ዕፆች ጋር ነው የሚቆጥረው። ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ ፌዴራሉ ነው። ፎርሙን የሚያየው መኮንን ኦሃዮ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም።

«ስቲከር እኮ ነው» አለች።

ፎርሙን ዘግቼ መለስኩላት። ማስረዳት የማልችልበት ጊዜ ብዙም አይገጥመኝም።

ረቡዕ ዕለት አብረን ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፤ እዚያ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ የምታማክር የኢሚግሬሽን ሎየር፣ ማለትም ጠበቃ፣ አለች። ሎየሯ ሁሉንም ጻፈች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ማመልከቻውን አሁን አትላኪ። ሥራውን ዛሬ ልቀቂ። ከአገር አትውጪ፣ ስትመለሺ ድንበር ላይ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ማንም ምንም ቢልሽ ፎርም ላይ አትዋሺ። የሠራሽው ጥቂት ሳምንት ስለሆነ ጊዜ ሲያልፍ እንደገና እናየዋለን፤ የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ይለያያል፣ ቃል አልገባልሽም። ሦስተኛውን ስተረጉምላት እትዬ ክንዴን ያዘች። ለፋሲካ ደሴ ልትሄድ ቲኬት ስታፈላልግ ነበር።

መኪና ውስጥ እስክንገባ አላለቀሰችም። ገብታም አላለቀሰችም። ቀበቶዋን አሰረችና «ነገ ደውዬ እለቃለሁ» አለች። «አንቺ ደግሞ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ትጽፊዋለሽ። እንደ እኔ የገለበጠ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል።»

«ስምሽን አልጠራም።»

«ትጠሪያለሽ። መድኃኒት ነው ማለት ሰልችቶኛል።»

ቅዳሜ ሰሌዳውን በቀጥታ መስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ «ስቴት»፣ በቀኝ «ፌዴራል» ብዬ ጻፍኩ። የድሮዋን ዓረፍተ ነገሬን በግራ አስቀመጥኳት። በቀኝ «የተከለከለ» ብዬ ጻፍኩና ወደ ክፍሉ ዞርኩ። «ባለፈው ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳችሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

«ቲቸርም ትሳሳታለች?» አሉ ጋሼ። «ይህችንማ ቀን ጻፉልኝ!»

ማንም አልሳቀላቸውም፤ እትዬ ተነሥታ ቆማ ነበርና። የትና ምን ስትሠራ እንደነበር በአራት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ክፍሉ በር ላይ የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት አባት ቆመው ነበር። እኒህን አባት ባለ ቁልፉ እላቸዋለሁ። የቤተ ክርስቲያኗ መሪ ከሆኑት አንዱ ናቸው፤ በየሰንበቱ ወጣቶቹን ስለዚሁ ቅጠል ሲያስጠነቅቁ ነው የሚታወቁት። እትዬም ታውቃለች። ተናግራ ስትጨርስ ያየችው እሳቸውን ነው።

ባለ ቁልፉ ቁልፎቹን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሯቸው።

ከኋላ ረድፍ አንድ ትራክ ነጂ ጣልቃ ገባ። «ምን ያስጨንቃታል? የድሮውን ሥራዋን ጽፋ ትለፈው። ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አለችው እትዬ። «ፈርሜ ዋሽቼ እናቴን አላመጣትም። የመጣችበትን ወረቀት በኋላ ቢሰርዙባትስ? ወደ ደሴ በየትኛው ዓይኗ ትመለሳለች?»

ሰውየው ኮፍያውን ጎተተ። ከዚያ ጋሼ በከዘራቸው ወለሉን መታ አደረጉ። «እሺ፣ ይህ ረቂቅ የሚባለው ቢያልፍ ምን ይሆናል?»

ያንን ሳምንት ሙሉ ያደረግኩት እሱን ማንበብ ነበር። ረቂቁን ከኮንግረሱ ድረ ገጽ አውርጄ፣ አትሜ፣ በሦስት ቀለም አስምሬበት ነበር። አብዛኛው ስለ ግብርና ስለ ድሮ ፍርዶች ነው። ወደ መጨረሻው ግን አንዲት አንቀጽ አለች። ቀለል አድርጌ ስነግራችሁ፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው በካናቢስ ምክንያት የኢሚግሬሽን መብት አይከለከልም ትላለች። አንቀጿን በአማርኛ አነበብኩላቸው። ረጃጅም ሕጎች እንዲያልፉ ሲባል እንደሚያጥሩም ነገርኳቸው፤ ሲያጥሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚወድቀው ድምፅ የማይሰጡ ሰዎች ጉዳይ ነው። ማንም ነዋሪ፣ ዜጋ ሆነም አልሆነም፣ ወደ ተወካዩ ቢሮ ሄዶ መናገር እንደሚችልም ጨመርኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ ጋሼ። «ሽማግሌ እንላካ!»

ሳቁ አሁን መጣ። እኔም ሳቅሁ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ሰው ለትዳር ልጅ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል። ይህች ልጅ እናቷን እየፈለገች ነው፤ መንግሥት ተቆጥቷታል። ሌላ ምን መንገድ አለ? አንድ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ሐጂ።» ሐጂ ሞርስ ሮድ ላይ ግሮሰሪ ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሦስተኛ ይጎድላል» አሉ ጋሼና ወደ በሩ ዞሩ። «አንተስ፣ ቁልፉን የያዝከው?»

ባለ ቁልፉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ቅጠሉን ዛሬም ነገም እቃወማለሁ።»

«ማን አጭስ አለህ?»

«አውቃለሁ። ይህንኑ እዚያም እናገራለሁ ማለቴ ነው።» ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔን ፈርተሽ ነው መድኃኒት ነው ያልሽው?» አሏት። እሷም «አዎ» አለች። «እንግዲያው እሄዳለሁ» አሉ።

ቀጠሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት የአንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ባለ ሦስት ቀለም ፋይል አዘጋጀሁ፦ በሰማያዊው የረቂቁ ቅጂ፣ በቢጫው አንቀጿ፣ በአረንጓዴው ማን በስንተኛው ደቂቃ ምን እንደሚናገር የሚገልጽ ወረቀት። ለጋሼ አራት ደቂቃ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን አይተው «ይሄ የአውቶቡስ ፕሮግራም ነው?» አሉኝ።

ቢሮው መሀል ከተማ ነው። ጋሼ ነጠላቸውን ከኮታቸው በላይ አጣፍተው መጡ፣ ባለ ቁልፉ በሙሉ ልብስ፣ ሐጂ በነጭ ቆባቸው። እትዬም መጣች፣ ግን ከመኪናው አልወረደችም። ሽማግሌ የተላከለት ሰው አብሮ አይገባም፤ ልማዱ ነው። ሎየሯም ብትሆን የእትዬ ስም ባይነሣ ይሻላል ብላ ስለነበር ልማዱና ሕጉ ለአንድ ቀን ተስማሙ። በሩ ላይ ጥበቃው የጋሼን ከዘራ በኤክስሬይ ማሽኑ ውስጥ አሳለፈው። «ፎቶውን ስጠኝ» አሉት በእንግሊዝኛ። «ሐኪሜ ስለ እግሬ ሲጠይቀኝ አሳየዋለሁ።»

የተቀበለችን በእኔ ዕድሜ የምትሆን የቢሮው ሠራተኛ ናት። ተወካያችን ዋሽንግተን ነበር። ሠራተኛዋ አራት ወንበር አዘጋጅታለች። «እባካችሁ ተቀመጡ» አለች።

ሦስቱም ቆሙ።

የተመቻቸው ስላልመሰላት ወንበሮቹን ጠጋ ጠጋ አደረገችና እንደገና «ተቀመጡ» አለች። እኔ ፋይሌን ከፍቼ ልቀመጥ ወገቤን አጥፌ ነበር፤ ጋሼ በከዘራቸው ጫፍ ጫማዬን ነካ አደረጉት። ቀና አልኩ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም በያት።»

በአረንጓዴው ወረቀት ላይ ይህ አልነበረም። ሆኖም ነገርኳት። በእኛ አገር አንድ ትልቅ ነገር ሊለምኑ የመጡ ሽማግሌዎች ቤት ገብተው ተቀመጡ ቢባሉም አይቀመጡም፤ ልመናቸው እስኪሰማ ይቆማሉ። ባለቤቱ ሰምቶ መልስ ወይም ቀጠሮ ሲሰጥ ነው የሚቀመጡት። ከዚያ በፊት መቀመጥ ጉዳዩን ማቅለል ነው።

ልጅቷ ሦስቱን አየቻቸው። የጋሼ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ሳታይ አልቀረችም። ከዚያ ደብተሯን ይዛ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሣች። ባለ ጎማ ወንበሯ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ። እሷም ቆመች። «እየሰማሁ ነው» አለች።

ጋሼ ጀመሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። «ልጄ፣ በሕይወቴ ብዙ ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ድሮ የምለምነው የሰው ልጅ ነበር፤ ዛሬ የምለምነው አንቀጽ ነው። አንዲት እህት አለችን። ስቴቱ ፈቅዷል ሲባል፣ ፈቃድ ባለው ቤት፣ በቀን፣ ተቀምጣ ስቲከር ለጠፈች። አሁን እናቷን ማየት አትችልም። ረቂቃችሁ ውስጥ ለእሷ ዓይነት ሰው የተጻፈች አንዲት ቦታ አለች። ሕጉን ጥረቡት፣ አሳጥሩት፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ያቺን ግን አትጣሏት።»

ባለ ቁልፉ ቀጠሉ። «እኔ ካናቢስን እቃወማለሁ። ይህንን ጻፊልኝ።» ልጅቷ ጻፈችው። «ጽፈሻል? እሺ። አሁን ደግሞ ይህን ጻፊ። ስቴቱ ሱቁን ከፍቶ፣ ግብሩን ተቀብሎ፣ ሠራተኛ ቅጠሩ ካለ በኋላ፣ የተቀጠረችውን በሌላ በር መያዝ ፍትሕ አይደለም። ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁለቱን በሮች አንድ ቀን ይያቸው።»

ሐጂ እስከዚያ አልተናገሩም። ሁላችንም ስናያቸው «እኔ ለሦስተኛነት ነው የመጣሁት» አሉ። «የተባለው ልክ ነው።»

ልጅቷ ረቂቁ አሁን ኮሚቴ ውስጥ እንዳለ፣ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን እንደማይታወቅ፣ ተወካያችንም ምን እንደሚወስን ቃል መግባት እንደማትችል ተናገረች። የአንቀጿን ቁጥር ጠየቀችኝ፤ ከቢጫው ክፍል አውጥቼ ሰጠኋት። ያ ሁሉ ፋይል የጠቀመው ለዚያች ቁጥር ነው። ከዚያ የቀን መቁጠሪያዋን አየችና «የጽሑፍ መልስ አዘጋጃለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብትመጡ እነግራችኋለሁ» አለች።

ይህን ስተረጉም የጋሼ ፊት በራ። «ቀጠሮ ሰጠችን! ሰማችሁ?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ባለ ቁልፉም ተቀመጡ፣ ሐጂም ተቀመጡ። ልጅቷ ወንበሯን ከግድግዳው መልሳ ጎተተች። ውሃ አመጣችላቸው፤ ጋሼም የማን ልጅ እንደሆነች፣ አያቶቿ ከየት እንደመጡ ይጠይቋት ጀመር። ከአያቶቿ አንደኛው ለሥራ ከዌስት ቨርጂኒያ መጥቶ እዚህ የቀረ ነው አለች። «እሱም መጤ ነው በይኛ» አሏት።

ፓርኪንጉ ውስጥ እትዬ መስኮቱን ገና ሳንደርስ ከፈተች። «እሺ አሉ?»

«በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ» አሉ ጋሼ በሩን እየከፈቱ «ልጅቷን ሊገላገላት የሚፈልግ ነው። ቀጠሮ ተሰጥቶናል። ለጉልበቴ ቦታ ልቀቂልኝ።»

በሦስተኛው ሳምንት ተመለስን፤ የጽሑፍ መልሱን ተቀበልን። መልሱ ጨዋ ነበር፣ አንቀጿን በቁጥሯ ይጠራል፣ ተወካያችን «እንደሚያስብበት» ይናገራል። ጋሼ «ማሰብም መንገድ ነው» ብለው ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፉት። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ረቂቁ አሁንም ኮሚቴ ውስጥ ነው። ነገሩ በቅርብ ያልቃል ብዬ አልነግራችሁም፤ ግማሽ ነገር መናገር አቁሜያለሁ።

እትዬ አሁን ሚነርቫ ፓርክ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ትሠራለች። እንደገና ቆማ ነው የምትውለው፤ ጉልበቷም እንደገና ያብጣል። ያልተላከው ማመልከቻ ከደብተሯ ጋር በአንድ ቦርሳ ውስጥ አለ። ለእናቷ እውነቱን በስልክ ነገረቻቸው። መጀመሪያ «በስቲከር?» ብለው ሳቁ አሉ። ከዚያ «እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ ብቻ ወረቀትሽን ንጹሕ አድርጊ» አሏት። እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምጣት አልቀረችም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ሰሌዳውን ለሁለት የምትከፍለው አሁን እሷ ናት፤ እኔ ማርከሩን አቀብላታለሁ። መስመሩ ትንሽ ይጣመምባታል፤ ዝም እላለሁ። ማስረዳቷ ግን ከእኔ ይሻላል፤ ተማሪዎቹ ጥያቄ የሚያነሡት እሷ ስታስረዳ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በሥራ ዕረፍቷ ሰዓት ወደ ተወካያችን ቢሮ ትደውላለች። መጀመሪያ ላይ የምትለውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፤ አሁን ወረቀቱን አታይም። ሰላምታ ትሰጣለች፣ የምትኖርበትን ሰፈር ትናገራለች፣ የረቂቁን ቁጥር ትጠራለች፣ «የት ደረሰ?» ትላለች። ሙሉው አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስልኩን የምታነሣው ያቺው የቢሮው ልጅ ስትሆን፣ ስሟን ባታውቅም ሽማግሌዎቹ የለመኑላት ሴት መሆኗ ገብቷት «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ብላ ትጠይቃታለች።

እናንተም በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ሞክሩት። ስለ ካናቢስ እንደ ባለ ቁልፉ ብታስቡም፣ እንደ ሱቁ ባለቤት ብታስቡም ግድ የለም። የተላከላችሁን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ከማሳለፋችሁ በፊት ረቂቁን ከኮንግረሱ ድረ ገጽ ፈልጉት፤ ገጹ አናት ላይ አሁን በየትኛው ቤት እንዳለ ተጽፏል። ቁጥሩን ያዙ። የሰፈራችሁ ተወካይ ቢሮ ስልክ ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ ይወጣል። ደውሉና «የት ደረሰ?» በሉ፤ እንግሊዝኛችሁ ቢንገዳገድም ይሰሟችኋል። ስልኩ መጥራት ሲጀምር ግን ከወንበራችሁ ተነሡ። ጉዳያችሁን ተናግራችሁ ስትጨርሱ ትቀመጣላችሁ።